በኃይል የሚታገዝ መሪ

መኪና የሚወድ ሰው ሞልቷል። አንድ መኪና ብቻ የሚወድ ሰው ግን ሌላ ፍጡር ነው። የመጀመሪያው አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ልቡ ይሸፍታል፤ ያወዳድራል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ የጎረቤቱን መኪና እየዞረ ያያል። ሁለተኛው ማወዳደር ትቷል። በእርሱ ቤት ትክክለኛው መኪና አንዴ ተሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ የዓለም ፋብሪካዎች የሚደክሙት በከንቱ ነው። የመኪናውን ጉድለት ብትነግሩት እንኳ አይቆጣም። ያዝንላችኋል እንጂ።

እንዲህ ያለ ወዳጅ ካፈሩ መኪኖች መካከል ማርቸዲስ 600ን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1963 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ ሲታይ ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በዓለም ላይ ከእርሱ በላይ መኪና እንዳይኖር። የዳይምለር ቤንዝ ዋና መሐንዲስ ፍሪትዝ ናሊንገርና ባልደረቦቹ ስለ ወጪ ብዙም አልተጨነቁም። ስምንት ሲሊንደር ያለው የ6.3 ሊትር ሞተር ሠሩለት፤ 250 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር። አጭሩ 5.54 ሜትር ነው። ፑልማን የሚባለው ረጅሙ 6.24 ሜትር። አጭሩ በ56,500 ማርክ ሲሸጥ፣ ያው የጀርመን ምድር ለተራው ሰው የሠራው ቮልስ በዚያ ገንዘብ ከአሥር በላይ ይገዛ ነበር። ቮልስን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወዳጆቹ መጀመሪያ የሚያወሩላችሁ ግን ስለ ሞተሩ አይደለም። ስለ ጸጥታው ነው። በሌላው መኪና መስኮት የሚያወጣና የሚያወርደው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ዚዝ ማለቱ አይቀርም። የ600 መሐንዲሶች ያችን ድምፅ እንኳ ለተሳፋሪው ጆሮ አልፈቀዱም። ሥራውን ለዘይት ግፊት ሰጡት። በመኪናው ገላ ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች 150 ባር ያህል ግፊት ይዘዋወራል፤ ጎማ የሚነፋው በሁለት ባር ገደማ መሆኑን እያሰባችሁ። መስኮቱ ይዘጋል፤ አይሰማም። ወንበሩ ወደፊት ይገፋል፤ አይሰማም። የኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ማንም ሳይነካው ይከደናል፤ እርሱም አይሰማም። ሁሉም ነገር በግፊት ይሠራል፤ ግፊቱን ግን የሚሰማ የለም።

በመስኮቱና በክፈፉ መካከል ጣት ቢገባስ? የዛሬ መኪና መስኮት እንቅፋት ሲያገኝ ተመልሶ ይወርዳል። 600 ወደ ኋላ መመለስን አልተማረም። ጣት ይሁን ሌላ ነገር የሚለይበት መላ አልተሠራለትም፤ ዝጋ ከተባለ ይዘጋል። ወዳጆቹ ይህን ሲናገሩ በሐዘን እንዳይመስላችሁ። ፊታቸው ላይ ኩራት አለ። ስለ ጣቱ ብትጠይቋቸው «ማን አስገባ አለው?» ይሏችኋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ስለሚቆይ፣ ለጥቂት ጊዜ መስኮቱ መከፈትና መዘጋቱን አያቆምም። ነገሩን የማያውቅ ሰው መኪናው ገና እየሠራ ነው ብሎ ይምላል።

አቋሙም የዚያው ዓይነት ነው። ክብደቱ ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ነው፤ የተቀመጠው ግን በብረት ሞላ ላይ ሳይሆን በታመቀ አየር ላይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ደረቱን ነፍቶ ሽቅብ ይነሣል። ለሳምንታት ሳይነዳ የቆመ እንደሆነ ደግሞ፣ በተለይ ዕድሜ ሲጫነው፣ አየሩ ቀስ እያለ ያመልጥና ሆዱ ወደ መሬት ይወርዳል። ጠዋት ጋራዡን የከፈተ ወዳጅ ዝቅ ብሎ ሲያገኘው አይደነግጥም። «ዐርፎ ነው» ይላል።

አሁን ወደ መሪው።

በዚያ ዘመን የብዙ መኪኖች መሪ የሚዞረው በክንድ ነበር። የ600 መሪ በኃይል ይታገዛል። በኃይል የሚታገዝ መሪ ለያዘው ሰው በጣም ይመቻል፤ ያን ሁሉ ብረት በአንድ ጣት ማዞር ይቻላል። ጉዳቱም የታወቀ ነው። የመንገዱ ሮሮ እጅ ላይ አይደርስም። ጎማው ጠጠር ላይ ይሁን ጭቃ ውስጥ፣ ጉድጓድ ይግባ ገደል አፋፍ ይሂድ፣ ከላይ የሚሰማው ያው ልስላሴ ነው። መካኒኮች አንድ ተጨማሪ ነገር ያውቃሉ፤ መሪ ሲጣመም የሚያልቀው እርሱ አይደለም። ጎማ ነው የሚበላው። ባለመኪናው ጎማ ይቀይራል፣ ያልቃል። እንደገና ይቀይራል፣ አሁንም ያልቃል። አራተኛው ላይ «የዘንድሮ ጎማ እኮ ጥራት የለውም» ይላል፤ ይህን ሲል ደግሞ ከልቡ ነው።

መሪውን የጨበጠው ሰው ባለቤቱ አለመሆኑም መነገር አለበት። 600 ከኋላ የሚቀመጡበት መኪና ነው። በብዙዎቹ ፑልማኖች በሾፌሩና በኋለኞቹ መካከል የሚወጣና የሚወርድ መስተዋት አለ፤ መጋረጃ የተጨመረላቸውም ነበሩ። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይወስንም። ከኋላ ያለው ይወስናል፣ መንገዱን ግን አያይም። ይህ አሠራር ለምን እንዲህ ለስላሳ ጉዞ እንደሚሰጥ መሐንዲሶች ያብራሩታል። እኔ የገባኝ በከፊል ነው።

ላንዶሌት የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጣሪያው ከኋላ በኩል ብቻ ይከፈታል። የተሠሩት 59 ናቸው። ጣሪያው የሚከፈተው ለነፋስ አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠው እንዲታይ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ሕዝብ ዝናብ ቢዘንብበት ምን ያደርጋል የሚለው በሥሪቱ ውስጥ የለም።

ባለቤቶቹ እነማን ነበሩ? ወዳጆቹ ይህን ዝርዝር የሚጀምሩት በጥንቃቄ ነው። ኤልቪስ ፕሬስሊ ነበረው ይላሉ። ጆን ሌነን ነበረው። ኮኮ ሻኔል ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1965 ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ለብቻው ተሠርቶ ተሰጥቷል። እዚህ ሲደርሱ ትንሽ ሳል ይይዛቸዋል። ቀጥሎ ያለው የዝርዝሩ ክፍል ቲቶ፣ ቻውሼስኩ፣ ሞቡቱ፣ ኢዲ አሚን፣ ሳዳም ሁሴን እያለ ይወርዳልና። «ታዲያ መኪናው ምን አጠፋ?» ይሏችኋል ሳላቸው ሲለቃቸው። እውነት ነው። መኪና መቼ ገዢውን መርጦ ያውቃል?

ሌላው ኩራታቸው ዕድሜው ነው። ከ1963 እስከ 1981፣ 18 ዓመት፣ በመሠረቱ ሳይለወጥ። በመካከሉ ነዳጅ ሁለት ጊዜ ዓለምን አስጨንቋል፤ 600 ግን በ100 ኪሎ ሜትር ከ20 ሊትር በላይ መጠጣቱን አልተወም። ሌላው እየቀነሰ፣ እየጠበበ፣ ከጊዜው ጋር እየተስማማ ሲሄድ እርሱ እንደ ቆመ ቆመ። ገበያው እየራቀው መሄዱን ብታነሡ «የሚገባው ሰው አነሰ» ይባላል እንጂ ጊዜው አለፈ አይባልም። በ18 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው 2,677 ተሠርቶ አበቃ። ፋብሪካው ሲያቆመው ተተኪ አላዘጋጀለትም። ማይባህ የሚባለው ተነሥቶ በዚያ ወንበር ለመቀመጥ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ወዳጆቹ ይህን ባዶ ዘመን የታላቅነቱ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል፤ «አያችሁ፣ እርሱን የሚተካ አልተገኘም»። ተተኪ ማዘጋጀት የማን ሥራ እንደነበር ሲጠይቁ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እስከዚህ ይወዳል? ስለሚሠራ ነው እንዳትሉኝ። የሚሠራ መኪና ይመሰገናል እንጂ አይመለክም። ቶዮታ ኮሮላን ስንቱ ነዳ፣ ስንቱ ልጅ አሳደገባት፣ ስንቱ ሸጦ ቤት ሠራ። በሌሊት ተነሥቶ ባትሪ እያበራ ዓይን ዓይኗን የሚያያት ግን የለም። ኮሮላ የምትጠይቀው ዘይትና ፍሬን ሸራ ነው፤ ይህን ያህል ብቻ የሚጠይቅ ነገር ደግሞ በሰው ልብ ውስጥ ሰፊ ቦታ አያገኝም።

600 ግን ይጠይቃል። የዘይቱ ቱቦዎች ሲያረጁ ያንጠባጥባሉ፤ አንዱ ሲጠገን ግፊቱ ወደ ቀጣዩ ደካማ ቦታ ይሄዳል። አንዲት የመስኮት ማዘዣ ለመተካት የሚወጣው ገንዘብ ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል። በመጀመሪያው ብልሽት ባለቤቱ ይናደዳል፤ ሰውኛ ነው። በሁለተኛው «ከዚህ በላይ ምን ሊበላሽ» ይላል። በሦስተኛው መከላከል ይጀምራል፤ ሰው ሳይጠይቀው። ከዚያ ወዲያ በወጣ ቁጥር ፍቅሩ ይጸናል፤ ምክንያቱም መኪናው ከንቱ ነው ብሎ መናገር ያን ሁሉ ገንዘብ፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ከሚስት ጋር የተደረገውን ያን ሁሉ ጭቅጭቅ ከንቱ ነበር ማለት ሊሆንበት ነው። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ከመመለስ አንድ ቱቦ ጨምሮ ማስገባት ይቀላል። የመኪናውን ነውር ከጠላቶቹ ይልቅ የሚያውቀው ይህ ሰው ነው። በየትኛው ፍጥነት እንደሚንቀጠቀጥ፣ በየትኛው ብርድ እንደሚያኮርፍ፣ የትኛው በር በግራ እጅ ካልተደገፈ እንደማይዘጋ ያውቃል። አወቀና ወደደ። እንግዳ ሰው ያንኑ ነውር ሲናገር ግን ደሙ ይፈላል።

በወዳጆቹ መካከል ትልቁ ጠብ ጥገና ይበቃል ወይስ ለውጥ ያስፈልጋል የሚለው ነው። የጥገና ወገኖች ብሎኑ ሳይቀር የጥንቱ መሆን አለበት ባዮች ናቸው፤ የሞተሩ ቁጥር ከሻሲው መዝገብ ጋር ካልተስማማ ሰላምታ አይሰጡም። የለውጥ ወገኖች ይበልጥ ይጮኻሉ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን አብዛኞቹ የለወጡት ዘይቱን ነው። አለዚያም ቀለሙን። አንዳንድ ደፋር ወንበሩን በአዲስ ቆዳ ያስለብሳል፤ ወንበሩ ያው ነው። መሪው ይለወጥ ሲባል ግን ሁለቱም ወገን አንድ ይሆናሉ፤ «መሪው ከተነሣ ይህ መኪና ምኑ ቀረው?»

ጽኑዎቹ ወዳጆች ደግሞ ባለቤቶቹ አይደሉም። አንድም ቀን ያልተሳፈሩት ናቸው። ኮርጊ የሚባለው የእንግሊዝ የመጫወቻ ፋብሪካ በዚያው በ1960ዎቹ የፑልማኑን ትንሽ ቅጂ ሠርቶ ነበር፤ በመዳፍ የምትያዝ፣ የዝናብ መጥረጊያዋ በእውነት የምትንቀሳቀስ። በዚያች መጫወቻ ያደገ ልጅ ሽበት አውጥቶም ስለ 600 ክፉ አይሰማም። ባለቤቱ ቢያንስ ነዳጅ ሲቀዳ ያማርራል። ከመንገድ ዳር የሚወድ ሰው የነዳጁ ወጪ አይታየውም፤ ቢታየውም የራሱ መሆኑን አያውቅም።

ቮልስን አስታውሱ ብዬ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የቀረበላቸው መኪና ቮልስ ነበር። ሮልስ ሮይስ የለመደ ጋራዥ ባለበት ግቢ ውስጥ ቮልስ። ይህ መኪና ያለው ሁለት በር ብቻ ስለሆነ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱን ወንበር ማጠፍ፣ አንገት ደፍቶ መግባት ግድ ይላል። ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲሁ ነው፤ ለማንም ተብሎ አልተሠራም። ወንበር አጣፊዎቹም ቢሆኑ በቮልስ ብዙ አልቆዩም። ጥሩ መኪና ቶሎ ይለመዳል።

ቮልስ ደጋፊ አላጣም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም እየተወለወለ የሚነዳ አለ። ሰው ሲያየው ፈገግ ይላል እንጂ መንገድ አይለቅለትም። መንገድ የሚለቀቀው ለቪ8 ነው። ቪ8 የሚለው ስም በእኛ ዘንድ የሲሊንደር ቁጥር መሆኑን ትቶ ማዕረግ ከሆነ ሰንብቷል፤ መስተዋቱ የጠቆረ ነጭ ላንድክሩዘር ሲያልፍ የትራፊክ እጅ ራሱ ወደ ግንባር ይሄዳል። ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። መታየት የሚያስፈልገው ቪ8ቱ ነው። አንድ ሰው ከቪ8 ወርዶ በታክሲ ሲሳፈር ጓደኞቹ የስልክ ቁጥሩን እንደሚያጡት ሁላችንም ታዝበናል፤ ይኸውም ፍቅሩ ለማን እንደነበር ለሚጠራጠር ጥሩ ማስረጃ ነው።

የ600ን ስም እንዳላጠፋ አንድ ነገር በፍትሕ ልናገርለት። ፍሬን ነበረው። በአራቱም ጎማ ላይ ዲስክ፣ ከፊት ደግሞ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ሁለት ሁለት መያዣ። ያን ያህል ክብደት በዚያ ፍጥነት ሲበር መቆም እንዳለበት ሠሪዎቹ ገብቷቸዋል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለችውን ሁለት ስንኝ የቋጠርኩት ለእርሱ አይደለም፤ ለሌሎች መኪኖች ነው፦

ቀን ከሌት ሲከንፍ ተሳፍረን አብረን፣
ከዚህ ሁሉ ሩጫ መቼ አየን ፍሬን።

አሁንም 600 ለመግዛት የቆረጠ ካለ ምክሬ አጭር ነው። ማታ አቁመው ጠዋት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይዩ። ከሥሩ ካርቶን አንጥፈው የሚያንጠባጥበውን ይቁጠሩ። መስኮቱን ሲሞክሩ ጣትዎን ያርቁ። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ በዋጋ ይከራከሩት፤ ወዳጅ ከሆነ ግን አይድከሙ፤ ዋጋ የሚያወራበት አፍ የለውም። ከዚያ ይዘውት ይውጡና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እጅዎን ከመሪው ላይ ለአፍታ ያንሡ። ወደ አንድ ወገን ይጎትት ይሆናል። ቢጎትት ለሻጩ ይንገሩት፤ የሚመልስልዎትን እኔ ከወዲሁ ልነግርዎ እችላለሁ።

«መሪው ደህና ነው ጌታዬ፤ ያዘነበለው መንገዱ ነው።»